ለአሳ ወጥቶ በጭረት መያዝ

ይህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ኢንሹራንስ ጣጣ ሲያወጋችሁ ቆይቷል። ዛሬ ግን ወደ ባሕር ዳር ይዣችሁ ልውረድ። ባሕር ዳር ስል የጣናዋን ከተማ አይደለም፤ እዚሁ አጠገባችን ያለውን የቼዝፒክን ዳርቻ ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖር ወገን ያውቀዋል። በጋው ሲገባ እሑድ ማለዳ ሳንዲ ፖይንት ብትወርዱ፣ ከዚያ ከትልቁ ድልድይ አጠገብ፣ ድንጋዩ ላይ ተደርድሮ መንጠቆ የጣለው ሰው ግማሹ አማርኛ ያወራል ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረ፣ የፓርኪንግ ፈረቃውን የጨረሰ፣ ከሆስፒታል ጽዳት የወጣ፣ ሁሉም ታጣፊ ወንበሩንና የበረዶ ሣጥኑን ይዞ ይመጣል። ቡና በፔርሙዝ፣ እንጀራ በፌስታል። አሳው ባይያዝም ጨዋታው ይያዛል። በስደት ኑሮ ላይ እንዲህ ያለ ቀን ስንት እንደሚያወጣ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ታዲያ አብዛኞቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። የምናውቀው አሳ የጣና፣ የሐዋሳ፣ የዝዋይ ነው፤ ውኃውም ጨው የሌለው። የጨው ውኃ የራሱ ጠባይ እንዳለው የነገረን ሰው የለም። ዛሬ የማወራው በዚህ ባለማወቅ እጁን ሊያጣ ስለነበረ አንድ ወዳጄ ነው። ስሙን እንዳልጠራ አደራ ብሎኛል። ታሪኩን ግን «ጻፈው፣ ሌላው ይማርበት» ብሎ ፈቅዶልኛል።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። ወዳጄ አንድ ፐርች ያዘ። ፐርች ትንሽ አሳ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው እሾህ ግን እንደ መርፌ ነው። መንጠቆውን ከአፉ ሊያወጣ ሲታገል አሳው ተወራጨና እሾሁ አውራ ጣቱ ሥር ገባ። አንዲት ጠብታ ደም ወጣች። እጁን ባሕሩ ውስጥ ነከር አደረገና «ጨው ነው፣ ያደርቀዋል» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። እስከ ማታ አጠመደ። ቤቱ ገብቶም አሳውን በባዶ እጁ ፍቆ፣ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ አጠበ። ከዚያ ታክሲውን አስነስቶ ሥራ ወጣ።

እኩለ ሌሊት ላይ እጁ ይጠዘጥዘው ጀመር። መሪ መጨበጥ አቃተው። ሲነጋ ቅላቱ አንጓው ድረስ ደርሶ ነበር፤ ብርድ ብርድም አለው። ሁለት ታይሌኖል ዋጠና ተኛ። ባለቤቱ ከሥራ ስትመለስ ብርድ ልብሱን ገልጣ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን አይተኸዋል?»

«ምንም አይደል፣ እሾህ ነው። ነገ ይተወኛል።»

«ነገ እስኪመጣ እጁ የት ሊኖር ነው!» አለችና ጎትታ መኪና ውስጥ ከተተችው። በዚያን ሰዓት እጁ ጀርባ ላይ ባቄላ የሚያህል፣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ውኃ የቋጠረ እባጭ ወጥቶ ነበር።

ሆስፒታል ደረሱ። መዝጋቢዋ ምን ሆነህ ነው ስትለው፣ በምናውቃት በዚያች ቁጥብነታችን «እጄን ቆርጦኝ ነው» ብቻ አላት። ተቀመጥ ተባለ። አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ባለቤቱ ትዕግሥቷ አለቀና ነርሷን አስቁማ፣ «ትናንት ባሕር ላይ አሳ ሲያጠምድ ነው የወጋው» አለቻት። ወዳጄ እንደሚለው የነርሷ ፊት ያን ጊዜ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በሩጫ ሆነ። ደም ተቀዳ፣ መድኃኒት በደም ሥሩ ገባ፣ በዚያው ሌሊት ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ የሞተው ሥጋ ተቆርጦ ወጣለት። ብዙ ቀን ተኝቶ ወጣ። እጁ አለ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን እስከ ዛሬ በደንብ አይታጠፉም። ሐኪሙ «እስከ ነገ ብትቆይ የምንነጋገረው ስለ ጣት አይሆንም ነበር» ብሎታል።

ያቺ የባለቤቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ያዳነችው። ስለዚህ ይህን ዓምድ እስከ መጨረሻው የማታነቡ ብትኖሩ እንኳ ይህን ያዙልኝ፦ ቁስላችሁ ባሕር ወይም የባሕር አሳ የነካው ከሆነ፣ ሐኪም ቤት ስትደርሱ በመጀመሪያ የምትናገሩት እሱን ይሁን።

እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ከወዳጄ አደጋ በኋላ ግን ነገሩን ሳገላብጥ ከረምሁ፤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባክቴሪያው ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ ይባላል። ሁለተኛው ስሙ በላቲን «ቁስል አድራጊ» እንደ ማለት ነው። አገራችን በደንብ የምታውቀው ኮሌራ የሚመጣው ከዚሁ ከቪብሪዮ ወገን ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው። ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ ግን ከሰው ቆሻሻ የሚመጣ አይደለም። በባሕር ውኃ ውስጥ ተፈጥሮው ሆኖ የሚኖር ነው። ስለዚህ «ውኃው እንደ መስተዋት የጠራ ነው» ብሎ መተማመን አያዋጣም። የሚወደው ሙቀትን ነው፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአሜሪካኖቹ ከ68 ፋራናይት፣ ሲያልፍ ይራባል። ጨውም ሲበዛ አይስማማውም፤ ወንዝ ከባሕር ተገናኝቶ ጨዉ የቀጠነበት ቦታ ይመቸዋል። ቼዝፒክ ማለት ደግሞ ይኸው ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጀምሮ፣ ቴክሳስን፣ ሉዊዚያናን፣ ፍሎሪዳን ይዞ እስከ እኛ ድረስ ይገኛል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ሞቃት ወራት ነው፤ እኛም መንጠቋችንን የምናነሣው በእነዚሁ ወራት ነው።

አትደንግጡ፤ በሽታው ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ የሚሉት፣ በመላው አገሪቱ በዓመት ከ150 እስከ 200 የሚሆኑ የቪብሪዮ ቩልኒፊከስ ሕሙማን ሪፖርት እንደሚደረጉለት ይናገራል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ባሕር እየገባ ይህ ጥቂት ነው። ክፋቱ ከያዘ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው። ከአምስት ሕሙማን አንዱ ይሞታል፤ አንዳንዱም ሕመሙ በጀመረው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ።

ቁጥሩም እያደገ ነው። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በምሥራቅ አሜሪካ በዚህ ባክቴሪያ የሚመጣ የቁስል ሕመም በ1988 በዓመት ወደ 10 ገደማ የነበረው በ2018 ወደ 80 ደርሷል፤ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ባሕሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር በሽታው የሚታይበት የሰሜን ድንበርም በየዓመቱ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሲገፋ ቆይቷል። በ2023 በጋ በኮነቲከት፣ በኒው ዮርክና በሰሜን ካሮላይና ሰዎች ሞተው፣ ሲዲሲ በመስከረም መባቻ ለሐኪሞች ልዩ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ማዕበል የባሕሩን ውኃ ወደ መንደር ሲያመጣውም ይብሳል። በ2005 ከካትሪና በኋላ 22 ሰዎች በቪብሪዮ ታመው 5 ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ቁስላቸው በጎርፉ የተነካ ነበሩ። ፍሎሪዳም ኢያን የተባለው ማዕበል በመታት በ2022 ዓ.ም. 74 ሰዎች ታመው 17 ሞተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። ያ ባክቴሪያ የሁሉንም ሰው እጅ እኩል አያጠቃም። ጤነኛ ሰው ስንቴ ተወግቶ ምንም አይሆንም። በኃይል የሚመታው ጉበቱ የታመመውን፣ ስኳር በሽታ ያለበትን፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለውን፣ የመከላከል አቅሙ የተዳከመውን ነው። የጉበቱ ነገር ምክንያት አለው። ባክቴሪያው ብረት ይወዳል፤ ጉበት ሲታመም በደም ውስጥ የሚያገኘው ብረት ይበዛለታል፤ ጠላትን ከደም የሚያጠራው ጉበት ራሱም ደክሟል።

ይህ ለእኛ ለምን እንደሚከብድ ልንገራችሁ። ወዳጄ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ደሙ ሲመረመር ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት። ከአገር ቤት ጀምሮ፣ ምናልባትም ከልጅነቱ፣ ይዞት ኖሯል። አንድም ቀን አላመመውም፤ ስለዚህም አንድም ቀን አልተመረመረም። ሲዲሲ በሽታው በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች የመጣ ሰው ሁሉ እንዲመረመር ይመክራል፤ ኢትዮጵያም ከእነዚያ አገሮች አንዷ ናት። በ2023 ደግሞ ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ ማንኛውም ሰው ቢያንስ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይመርመር ብሏል። ምርመራው አንድ የደም ቅጂ ነው። ለሌለበት ክትባት አለ፤ ላለበትም መቆጣጠሪያ መድኃኒት አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? ይኸኛው ደግሞ ከባለቤቱም ራሱን የሚደብቅ ነው። ብርጭቆ የምታበዙ ወንድሞቼም ጉበታችሁን አስታውሱ፤ ሌላ አልጨምርም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከቤት ሳትወጡ ልጀምር።

1ኛ. ቁስል ይዛችሁ ባሕር አትግቡ። ቁስል ስል ትልቁን ብቻ አይደለም። ጢም ሲላጭ የተቆረጠ፣ የተላጠ ተረከዝ፣ አዲስ ንቅሳት፣ አዲስ የተበሳ ጆሮ፣ ገና ያልጠገገ የኦፕራሲዮን ስፌት ሁሉ በር ነው። ግድ መሄድ ካለባችሁ ውኃ በማያስገባ ፕላስተር ዙሪያውን አሽጉት። ስኳርና የጉበት ሕመም ያለባችሁ ግን ቁስሉ እስኪድን ወንበራችሁን ከውኃው ራቅ አድርጋችሁ ቡናውን ብትቀዱ ይሻላል።

2ኛ. ጫማ አድርጉ። ነጠላ ጫማ ሳይሆን ጣት የሚሸፍን። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው የኦይስተር ቅርፊት እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

3ኛ. ጓንትና ፒንሳ ያዙ። አሳውን በወፍራም ጓንት ወይም በእርጥብ ፎጣ ያዙት፤ መንጠቆውን በፒንሳ አውጡት። ሸርጣን የምትይዙም እንዲሁ። ለማጥመጃ የምትሰኩት ሽሪምፕም ግንባሩ ላይ ቀንድ አለው፤ እሱም ይወጋል። የበረዶ ሣጥናችሁ ሥር የተጠራቀመው ውኃ አሳው ያለቀሰበት ነው፤ ቁስል ያለው እጅ አትንከሩበት።

4ኛ. አንድ ጋሎን ንጹሕ ውኃ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ፋሻና ፕላስተር መኪናችሁ ውስጥ ይኑር። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ምሳ ዋጋ አይበልጥም።

5ኛ. የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁን ጠይቁ። በየ10 ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ቁስሉ የቆሸሸ ወይም ጥልቅ ከሆነ ደግሞ 5 ዓመት ካለፈው ሐኪሙ ይደግምላችኋል።

ከተወጋችሁ ወይም ከተቆረጣችሁስ? መንጠቆውን አስቀምጡ። «ይቺን አንዷን ልያዝና» አትበሉ። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ንጹሕ ውኃ እያፈሰሳችሁ እጠቡ። የባሕሩ ጨው ቁስል ያደርቃል የሚለውን እርሱት፤ ቁስሉን የሚያጠቃው ራሱ በዚያ ጨው ውስጥ ይኖራል። አገር ቤት እንደለመድነው የቡና ዱቄት መነስነስ፣ ሎሚ መጭመቅ፣ አረቄ ማፍሰስም ይቅር። ካጠባችሁ በኋላ ሸፍኑት፤ ዳግመኛ ውኃ አታስነኩት፤ የተወጋችሁበትንም ሰዓት ያዙ።

መንጠቆው ከነጉጡ ሥጋ ውስጥ ከቀረ፣ ይልቁንም ከዐይን አጠገብ ወይም ከመጋጠሚያ ላይ ከሆነ፣ አትጎትቱት፤ እንዳለ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ባለመርዝ እሾህ ያለው ስቲንግሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ አሳ ወይም የባሕር አምባዛ ከወጋችሁ፣ የተወጋውን እጅ ወይም እግር በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ሥቃዩን ያስታግሣል፤ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይለፍ፣ ቆዳ እንዳይቃጠል። ይህ ግን ለመርዙ እንጂ ለባክቴሪያው አይደለምና ሐኪም ማየቱ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል ቁስሉን ጠብቁ። ቅላቱ ከሰፋ፣ ካበጠ፣ ከተቃጠለ፣ ሕመሙ ከቁስሉ መጠን በላይ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ቆዳው ከጠቆረ ወይም ደም የመሰለ ውኃ የቋጠረ እባጭ ከወጣ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ ከፈረቃ በኋላ ሳይሆን አሁን። የቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ ብታሰምሩበት ሲሰፋ ታዩታላችሁ። ጉበት፣ ስኳር ወይም ሌላ የጠቀስኩት ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ጥልቅ ውጋት ከሆነ ምልክቱን አትጠብቁ፤ በዕለቱ ሐኪም ይይላችሁ።

ስትደርሱ የምትሉትን እነሆ፦ «ሶልት ዎተር» እና «ቪብሪዮ»። እነዚህን ሁለት ቃላት ብቻ ያዙ። ሐኪሙ የሚያዝዘው ለዚህ ባክቴሪያ የሚሆነውን ነው፤ ብዙ ጊዜ ዶክሲሳይክሊንና ሴፍታዚዲም የሚባሉትን አንድ ላይ። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሞክሳሲሊን ጓዳችሁ ውስጥ ካለ እሱን እየዋጣችሁ ቀን አትግደሉ። ጉበታችሁን ወይም ስኳራችሁንም አትደብቁ።

«ኢንሹራንስ የለኝም» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ብዙዎቻችንን ቤት የሚያስቀረን ሕመሙ ሳይሆን ቢሉ ነው። በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ድንገተኛ ክፍል ያለውና ሜዲኬር የሚቀበል ሆስፒታል፣ ማለትም ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ የመክፈል አቅማችሁን ሳይመለከት መርምሮ ከአደጋ ሊያወጣችሁ ይገደዳል። ነጻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቢሉ ይመጣል። ነገር ግን ለትርፍ ያልተቋቋሙት ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው የሚረዱበት የተጻፈ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ማመልከቻውን ጠይቁ። አስተርጓሚም ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አላችሁ። ቢል በወር በወር ይከፈላል፤ የተቆረጠ እጅ ግን በምን ይከፈላል?

አንድ ሌላም አለ። ቁስሉ የዳነ መስሎ፣ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ እጃችሁ ላይ ጠጠር ያለ እባጭ ወጥቶ አልድን ካለ፣ እሱ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል፣ የቲቢ ዘመድ የሆነ ቀስተኛ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። አይጣደፍም፤ መድኃኒቱ ግን ወራት ይወስዳል። ያን ጊዜም አሳ መንካታችሁን ለሐኪሙ ንገሩት።

ወደ ጓዳም ልግባ። አሳ አጥምዶ የሚመጣው ባል ቢሆንም የሚጠርገው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። በ1996 እስራኤል ውስጥ ሰዎች በዚሁ በቪብሪዮ ቩልኒፊከስ ታመሙ፤ እስከ 1997 ድረስ 62 ሰዎች። ባሕር አልሄዱም። እኛ ቆሮሶ የምንለውን፣ ፈረንጆቹ ቴላፒያ የሚሉትንና መሰሉን የኩሬ አሳ ከነሕይወቱ ገዝተው ሲይዙና ሲጠርጉ ነው ያገኛቸው። ቀደም ሲል አሳው በበረዶ ተይዞ ይሸጥ የነበረው በዚያ በጋ ከነሕይወቱ መሸጥ ጀምሮ ነበር። እዚያ ያላችሁ ወገኖቻችን ይህን አትርሱ። እናቶቻችን፣ በተለይ ስኳር ያለባቸው፣ አሳ ሲጠርጉ ጓንት ያድርጉ። ፍልሰታም የሚውለው በነሐሴ፣ በዚያው በሙቀቱ ወር ነው። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ የሚበላ ሰው አብስሎ ይብላ ልበል። ጥሬ ሥጋ ስለለመድን ጥሬ ኦይስተርም አይከብደን ይሆናል። ያው ባክቴሪያ ግን በጥሬ ኦይስተርም ይገባል፤ ጉበቱ ለታመመ ሰው ያ አንድ ጉርሻ መርዝ ነው።

ወዳጄ አሳ ማጥመዱን አልተወም። በሚቀጥለው ዓመት በጋ አብሬው ወርጄ ነበር። እጁ ላይ እስከ ክርኑ የሚደርስ የጎማ ጓንት፣ ከጎኑ ጋሎን ውኃና ሳሙና። ጓደኞቹ «ዶክተር መጣ» እያሉ ይስቁበታል። እሱም ይስቃል። ከሰዓት በኋላ ግን ከሚስቁት አንዱ ድንጋይ ላይ አዳልጦት ክርኑን ላጠው። ወዳጄ ምንም ሳይናገር ጋሎኑን አንሥቶ ሄደና፣ በዚያች ሁለት ጣቷ በማትታጠፍ እጁ እያፈሰሰ አጠበለት። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። እሑድ ስትወርዱ ሳሙናውን አትርሱ። ቸር ያሰንብተን።